ወንድሜ የነገረኝ መጨረሻ

ባለፈው ቅዳሜ መብራት እግዜር ይስጠውና ሳይጠፋ አመሸ። እኔም «ሾሌይ» የሚባለውን የሕንድ ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁት። ሦስት ሰዓት ከምናምን ነው። ፍላሹን የሰጠኝ የሥራ ባልደረባዬ «ይሄን ሁሉ ቁጭ ብለህ ልታይ?» ብሎ ስቆብኛል። እሱ ምን ያውቃል! እኔ የዚህን ፊልም ግማሽ ስጠብቅ ወደ 30 ዓመት ሊሆነኝ ነው።

ደሴ፣ 1988 ዓ.ም.፣ ዘጠኝ ዓመቴ። ሰፈራችን አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ቪዲዮ ቤት ይባል እንጂ የጭቃ ቤት ሳሎን ነው። መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተጋርዷል፣ አግዳሚ ተደርድሯል፣ ፊት ለፊት ቴሌቪዥን። መግቢያው 50 ሳንቲም። ባለቤቱ ግን ብልጥ ነበር። ፊልሙ ረጅም ስለሆነ በሁለት ካሴት ነው የመጣው፤ ሰውዬው እንደ ሁለት ፊልም ቆጥሮ ሁለት ቀን አከፈለን።

ካሴት አንድ የሚያልቀው ሻሉ ላይ ነው። ታኩር የሚባለው የቀድሞ ፖሊስ ሽፍታውን ጋባር ሲንግን እንዲይዙለት ሁለት ወሮበሎች ቀጥሯል፤ አሚታብ ባቻንንና ዳርሜንድራን። ሽፍቶቹ መንደሩን ሲወሩ ጠመንጃ እግሩ ሥር ወድቆ እያየ አላቀበላቸውም። ለምን? ጋባር ቤተሰቡን እንዴት እንደፈጀው ይተርክላቸዋል። ከዚያ ነፋስ መጣና ትከሻው ላይ የማትጠፋዋን ሻል ገፎ ጣላት። እጅጌው ባዶ ነው። ከኋላዬ አንድ ሰውዬ «ውይ፣ እጁን!» አለ። ካሴቱ አለቀ።

ቤት ገብተን ኪሳችንን ስናራግፍ የአንድ ሰው ብቻ ወጣ። መብራት ጠፍቷል። ፍራሻችን ላይ ሆነን ዘውድና ጎፈር ጣልን። ለታላቅ ወንድሜ ደረሰው።

በማግስቱ ማታ ተረከልኝ። ሂንዲ አይችልም፤ ማንስ ይችል ነበር? ጋባር ተያዘ። ዳርሜንድራ ያቺን ለፍላፊ ጋሪ ነጂ አገባ። አሚታብስ? «ነጭ ለባሿን አገባታ!» አለኝ። አመንኩት። አክተር አይሞትም፤ የሰፈራችን ሕግ ነው።

ቅዳሜ አሚታብ ሞተ።

ድልድዩ ጋ ብቻውን ቀርቶ ሽፍቶቹን ሲመክት ቆይቶ፣ ጓደኛው እቅፍ ውስጥ። ፊልሙን ሙሉ ሲጥላት የነበረችው ሳንቲም ደግሞ ለካ ሁለቱም ፊቷ አንድ ነው። ማን ይቅር፣ ማን ይሂድ ብለው የጣሏትም እሷን ነው። እጣ አልነበረም፤ ቀድሞ ወስኗል። ኪቦርድ ላይ አልቅሼ አላውቅም ነበር።

ሌላም ያላየሁት ነገር ነበር። የቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ «ቀስ ያለ ነገር» ሲመጣ ያሳልፈዋል፣ እኛም እናጨበጭብለታለን። ያሳለፈብን ይሄን ነው፦ አሚታብ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሃርሞኒካ ይነፋል። ፊት ለፊት፣ የታኩር ምራት፣ ባሏ የሞተባት፣ ነጭ ለብሳ የፋኖሶቹን ብርሃን አንድ በአንድ ታጠፋለች። ቃል አይለዋወጡም። ይቺን ሦስቴ መልሼ አየሁ። ነጭ ለባሿ ጃያ ናት። ፊልሙ የወጣው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው፤ እሷና አሚታብ ግን በ1973 ተጋብተዋል። ወንድሜ ሳያውቅ እውነት ተናግሯል!

ደግሞ መጨረሻውን የቀየረው እሱ ብቻ አይደለም። ዳይሬክተሩ ራሜሽ ሲፒ መጀመሪያ የቀረጸው ታኩር በባለ ሚስማር ጫማው ጋባርን ረግጦ ሲገድለው ነበር። የሕንድ ሳንሱር እንቢ አለ። ፖሊስ ደርሶ ያስጣለበት መጨረሻ የመጣው በዚህ ነው፤ እኔ ፍላሽ ላይ ያለውም እሱ ነው። የመጀመሪያው መጨረሻ ያለበት ቅጂ ታድሶ በ2025 ጣሊያን ቦሎኛ ውስጥ ታይቷል። ያገኘሁት ቀን ደግሞ እሱን አያለሁ።

ሌሊቱን ዳላስ ላለው ወንድሜ ደወልኩ።

«አሚታብ ሞቷል» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «አሁን ነው የሰማኸው?»

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ብነግርህ ስትነፋረቅ ታድር ነበር። እማዬ ትሰማለች። ከዚያ ቪዲዮ ቤት የሚባል ነገር አበቃልን!»

ይሄስ እሺ። ስለ ሳንቲሟ ነገርኩት፤ ሁለቱም ፊቷ አንድ መሆኑን። እሱም ያስታውሳታል። ያኔ ነው የእኛዋ ትዝ ያለችኝ።

«ያን ማታ የጣልናትስ?»

ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«የጣልኳት እኔ፣ ያየኋትም እኔ። አንተ በዚያ ጨለማ ምን ይታይህ ነበር?»