ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ላይ ሁለቴ

አራት ኪሎ ሀውልቱ ጋ ታክሲ ስንጋፋ የኖርን ሁላ ሚያዝያ 27ን እናውቀዋለን፣ ግን ቀኑ ሁለቴ መሆኑ ትዝ የሚለው ስንቱ ነው?

በ1928 ሚያዝያ 24 ጃንሆይ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፣ ከተማው በዝርፊያና በተኩስ ታመሰ፣ ሱቁ ተቃጠለ፣ በ27 የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ጦሩን በካሚዮን ጭኖ በደሴ መንገድ ገባ በቃ።

ደሞ በ1933 እንግሊዞች ከተማዋን ከጣሊያን አስለቅቀው የያዙት መጋቢት 28 ነው እኮ! ጃንሆይ ግን ወር ያህል ቆይተው ከደብረ ማርቆስ መጥተው በእንጦጦ ወርደው የገቡት ልክ በአምስት አመቱ በዛችው ቀን ነው (እንግሊዞቹም ቶሎ እንዲገቡ አልፈለጉም ነበር)። አጋጣሚ ነው ብትሉኝ አልሰማም፣ አስበውበት ነው። ከፊት በፈረስ ሆኖ ሰልፉን የመራው ደግሞ የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት ነው፣ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ስም ከሱ ነው የመጣው።