ቀይ ዱቄት
"አለቃ፣ መኪናዋ ከ60 ስታልፍ ነው የምትንቀጠቀጠው?" አለኝ መካኒኩ። ራሱ ነዳት። 70 ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ጆሮውን ሰጠ። ሞተሩ ረገብ ሲል ንዝረቱ እንዳለ ነው። "ሞተር አይደለም" አለ፣ አለቀ። እኔ እኮ በዚህች አሮጌ ሃይሉክስ ሰበብ ሁለቴ ጎማ ባላንስ አስደርጌ ካምቢዮ ላስወርድ ነበር!

ጋራዥ ስንመለስ ካርቶን አንጥፎ ከሥር ገባ። ከካምቢዮ ወደ ዲፍረንሻል የሚሄደውን ዘንግ በእጁ ጠምዘዝ፣ መለስ አደረገው። ቀጭ፣ ቀጭ። "ና እየው።" ዘንጉን በሚያያይዘው መስቀለኛ መጋጠሚያ፣ በክሮቼራው ቆብ ዙሪያ በርበሬ የመሰለ ቀይ ዱቄት ተነስንሷል። ግራሶ ያጣ ብረት ራሱን ሲፈጭ የሚተወው ዝገት ነው።

ስንት ወር ድምፁን ላለመስማት ሬዲዮ ከፍ እያደረግኩ ስነዳ፣ ለካ እሷ ከሥሬ በርበሬ ትፈጫለች።