ጣቢያው ቀድሞ፣ ከተማዋ ተከትላ

ድሬ ዳዋ የገባሁት በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። አዲሱ ጣቢያ ሰፊ ነው፣ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ነው ያለው። ባጃጅ ያዝኩና «አሮጌው ባቡር ጣቢያ አድርሰኝ» አልኩት። «ከዚራ ነዋ! አቦ ግባ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ» አለኝ።

እናቴ በልጅነቷ ከአዲስ አበባ በባቡር ድሬ መጥታ ታውቃለች። ስለዚያ ጉዞ ስታወራ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ከሁሉ ነገር የማይረሳት ዛፉ ነው።

እውነቷን ነው። ከዚራ ስትገባ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ተያይዘው መንገዱን ጥላ አልብሰውታል። መንገዶቹ በገመድ የተለኩ ይመስል ቀጥ ያሉ ናቸው። ጣቢያው ፊት ቆሜ ወደ ከተማው ዞር ስል ምክንያቱ ገባኝ። ሰፈሩን የቀየሱት የባቡሩ ሰዎች ናቸው፣ መነሻቸውም ይሄ በር ነው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረህ መጋላ ሰፈር ስትገባ ግን መንገዱ ይጠባል፣ ይጠማዘዛል፣ ገበያው ይውጥሃል።

አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ፣ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው አላስገባ አለ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። በመሀል ደግሞ ደንገጎ አለ። ያንን ዳገት በመኪና የወጣ ሰው ነገሩን ሳይነገረው ያውቀዋል። ወጪው ስላልተቻለ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ 311 ኪሎ ሜትር ያህል መጥቶ ተራራው ሥር ቆመ። እዚያው ከተማ በቀለ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር ያሏት።

ከዚያ ሐዲዱን የዘረጋው ኩባንያ ከሰረ፣ ሌላ ተተካ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። መሥመሩ በጠቅላላ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንድ ሌሊት ድሬ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ድሬ እንግዳ መቀበል የለመደችው ያኔ ይመስለኛል።

ትኬት ቆርጬ ወደ ግቢው ገባሁ። አንድ የቀድሞ ሠራተኛ ሊያስጎበኙኝ ተነሡ። በአማርኛቸው መሀል ፈረንሳይኛ ጣል ያደርጋሉ። ሐዲዱ ላይ ስንደርስ እግሬን ከፍቼ በሁለቱ ብረቶች ላይ ቆምኩ። አንድ ሜትር ብቻ ነው ስፋቱ። ጠዋት የመጣሁበት የአዲሱ ሐዲድ 1.435 ሜትር ነው። ስለዚህ የድሮው ባቡር በአዲሱ መሥመር ላይ መሄድ አይችልም።

ልቤን የያዘው ግን ወርክሾፑ ነው። ድሬ ጅቡቲና አዲስ አበባ መሀል ስላለች የመሥመሩ ዋና ጥገና የሚሠራው እዚህ ነበር። ውስጡ ግራሶና የጋለ ቆርቆሮ ይሸታል። ቁመቴን የሚያህል ቶርኖ፣ ማለትም ብረት መላጫ ማሽን፣ አጠገብ ቆምን።

«የባቡር እግር ከሐዲዱ ጋር ሲፋተግ ይበላል» አሉኝ። «እዚህ ላይ አስረን እናሽከረክረዋለን፣ ቢላው ቀስ እያለ ይልጠዋል። ሁለቱ እግሮች እኩል ካልሆኑ ባቡሩ ሐዲዱን ይስታል፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ አሁንም ይሠራል?»

መልስ ሳይሰጡ ከኪሳቸው ጨርቅ አወጡና የማሽኑን እጀታ ጠረጉት። ከዚያ ይዘው አዞሩት። ሳይንቀጫቀጭ ዞረ።

ይሄ ማሽን በእሳቸው ጨርቅ ብቻ መቆየት የለበትም። የድሬ ወጣቶች እዚህ ገብተው ከእነዚህ አባቶች እጅ ሙያውን ቢማሩ፣ ግቢው በሥርዓት ሙዚየም ቢሆን፣ ምን ያህል በወደድኩ! አዲሱ ባቡር ያስፈልገናል። ግን የድሬ እትብት የተቀበረው እዚህ ነው።

ስወጣ ዛፍ ሥር ቆሜ ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩ። «ጣቢያው አለ?» አላለችም። «ዛፎቹ አሉ?» ነው ያለችኝ። ስልኩን ወደ ላይ አዙሬ አሳየኋት።