ከግርጌ ያለችውን ቁጥር አትንኳት

ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ፣ ኬሚካዊ እኩልታ ማመጣጠን (በግራና በቀኝ ያሉትን አተሞች ቁጥር እኩል ማድረግ) ላይ በደረስን ቁጥር የማየው አንድ ስሕተት አለ። በቅርቡም አንዲት ተማሪ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተዋሕደው ውሃ የሚሆኑበትን እኩልታ ልታመጣጥን ወደ ሰሌዳው ወጣች። በግራ በኩል ሁለት የኦክስጅን አተሞች፣ በቀኝ በኩል ግን አንድ ብቻ መኖሩን በትክክል ቆጠረች፤ ከዚያም በውሃው ቀመር ውስጥ ከኦክስጅን ግርጌ ትንሽ 2 ጻፈችበት። ቆጠራው ሞላ። ነገር ግን ሰሌዳው ላይ የቀረው ውሃ ሳይሆን ፀጉር ለማንጣት የሚያገለግለው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነበር።

የግርጌዋ ቁጥር የምትናገረው የነገሩን ማንነት ስለሆነ፣ እርሷን መቀየር ነገሩን በሌላ ነገር መተካት ነው፤ እኛ እንድንወስን የተተወልን ከቀመሩ ፊት የሚጻፈው የብዛት ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ከውሃው ፊት 2 እንጽፋለን፤ ሃይድሮጅኑ አራት ስለሚሆን በግራ በኩልም ከሃይድሮጅን ፊት 2 እንጽፋለን፤ በዚህም ያልቃል።

ተማሪዎችን ይበልጥ የሚያስጨንቃቸው የቡቴን መቃጠል ነው። ቡቴን በሲሊንደር ከሚሸጠው የማብሰያ ጋዝ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ አንዱ ሞለኪውል 4 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን አለው። መጀመሪያ ካርቦኑን፣ ቀጥሎ ሃይድሮጅኑን አስተካክሉ፤ 4 ካርቦን ዳይኦክሳይድና 5 ውሃ ይወጣል። ኦክስጅንን ለመጨረሻ የምናቆየው በግራ በኩል ብቻውን ስለሚቆም፣ ቁጥሩ ቢለወጥ ሌላውን ስለማያናጋ ነው። አሁን በቀኝ በኩል ያሉት የኦክስጅን አተሞች 13 ናቸው፤ በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚገኝ ስድስት ተኩል ሞለኪውል ያስፈልጋል። ብዙዎች እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጠው ያጠፉታል። አታጥፉት፤ ሁሉንም በሁለት አባዙት። 2 ቡቴን ከ13 ኦክስጅን ጋር 8 ካርቦን ዳይኦክሳይድና 10 ውሃ ይሰጣል። ትክክል መሆኑን የአተሞቹን አንጻራዊ ክብደት በግራም ቆጥረን ማረጋገጥ ይቻላል፦ 116 ግራም ቡቴንና 416 ግራም ኦክስጅን በድምሩ 532 ግራም ሲሆኑ፣ 352 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና 180 ግራም ውሃም ያው 532 ግራም ናቸው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቯዚየ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሚዛን ያሳየውም ይህንኑ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ለፈተና ብቻ የተፈጠሩ እንዳይመስሏችሁ እፈልጋለሁ። ከአየር ውስጥ ኦክስጅን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ሊትር የቡቴን ጋዝ በሚገባ እንዲቃጠል 31 ሊትር ገደማ አየር ይፈልጋል። ከሰልም እንዲሁ ነው። አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ለአንድ የካርቦን አተም ሲደርሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ በሩና መስኮቱ በተዘጋ ቤት ውስጥ አየር አጥሮ ያው አንዱ ሞለኪውል ለሁለት ካርቦን ሲካፈል ግን፣ ሽታም ቀለምም የሌለው፣ ሰው እንደተኛ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል።