በሒሳብ ደብተሯ ጀርባ

ከማረሚያ ቤት ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር፣ ጣና ሐይቅ ዳር፣ አሳ ከሚራገፍበት ትንሽ ራቅ ብዬ ተቀምጬ ነው። ሥራ አሁን ገና ጨረስኩ። እጄ አሳ አሳ ይላል፣ ስልኬም ሸቷል፣ ግን ዛሬ ካልጻፍኩት መቼም አልጽፈውም።

ሹፌር ነበርኩ። አይሱዙ ነበር የምነዳው። አንድ ማታ ከደብረ ታቦር ስመለስ አደጋ ደረሰ፣ ሰው ሞተ። ስለሱ እዚህ ብዙ አልልም፣ የሟች ቤተሰብ አለ። ሦስት ዓመት ተፈረደብኝ፤ ሁለት ሦስተኛውን ስጨርስ በአመክሮ ወጣሁ።

ከልጄ እናት ጋር የተፋታነው ከመታሰሬ በፊት ነው። ፍርድ ቤቱ ለልጃችን በወር 2,000 ብር ቀለብ ቆርጦብኝ ነበር። ሥራ ስለነበረኝ አንድም ወር አላጓደልኩም። ከዚያ ታሰርኩ። የታሰረ ሰው ገቢ የለው፣ ቀለቡም አብሮ የቆመ መሰለኝ። ማንም እንደዚያ ብሎኝ አይደለም፣ እኔው ነኝ ለራሴ የነገርኩት። ውስጥ አብረውኝ የነበሩ አባቶችም እንደኔው ነበር የሚያስቡት። ግን አይቆምም። ውሳኔው ካልተሻሻለ ይቆጥራል። ስወጣ መጥሪያ ጠበቀኝ። የአፈጻጸም መዝገብ ተከፍቷል፤ የ24 ወር ውዝፍ፣ 48,000 ብር።

ኪሴ ውስጥ የነበረው ነጠላ ሸምኜ ያጠራቀምኳት 1,300 ብር ናት።

መንጃ ፈቃዴ ታግዷል። ሌላ ሥራ ልያዝ ስል ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው ተያዥ ነው። አንድ መጋዘን በጥበቃ ሊቀጥሩኝ ተስማምተው ተያዥ አምጣ አሉኝ። የአጎቴን ልጅ ለመንኩት፣ እሺ አለኝ፣ ጠዋት ስደውልለት ስልኩ ዝግ ነው። አልፈርድበትም፣ እሱም ልጆች አሉት። ከዚያ የቀን ሥራ ገባሁ፤ አሸዋ መጫን፣ ብሎኬት ማውረድ። የተገኘ ቀን ይበላል፣ ያልተገኘ ቀን ከእናቴ ጋር ሽሮ።

ግን የሚቆጨኝ ሥራ ማጣቴ አይደለም። መጥፋቴ ነው። ባዶ እጄን ፊታቸው አልቆምም ብዬ ሦስት ወር ሙሉ ተደበቅኩ። የሚኖሩት አባይ ማዶ ነው። እኔ ውስጥ እያለሁ፣ በ2016 ግንቦት የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ በእግር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አልተሻገርኩትም። መጥሪያ ሲመጣ እናቴን «የለም በያቸው» እላት ነበር። ልጄ እዚያ ማዶ መውጣቴን ሰምታ በር በሩን ታያለች፣ እኔ እዚህ ስለ ክብሬ አስባለሁ።

ያነቃኝ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ለሌላ ሰው ጉዳይ አብሬ ሄጄ ነበር። ታሪኬን ስነግራቸው መነጽራቸውን ወደ ላይ አድርገው «እና ይቀነስልኝ ብለህ አመልክተሃል?» አሉኝ። አይቻልም ብዬ ነበር። ይቻላል አሉኝ። እዚህ አማራ ክልል በ1995 የወጣ የቤተሰብ ሕግ አለ፣ አዋጅ ቁጥር 79። ቀለብ ሲቆረጥ ሁለት ነገር ይታያል፤ የሚቀበለው ሰው ችግርና የሚሰጠው ሰው አቅም። ሁኔታው ከተለወጠ መጠኑም እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። ለካ እንዲህ ቀላል ነገር ነው፣ ከመታሰሬ ማግስት አንድ ወረቀት ብጽፍ ኖሮ። ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ ዘመድህ ታስሮ ቀለብ የተቆረጠበት ከሆነ ንገረው፣ ውስጥ ሆኖም ቢሆን ያመልክት።

አመለከትኩ። በቀጠሮው ቀን የልጄ እናት መጣች። ዳኛዋ የልጅቷን ወጪ ጠየቋት። ከቦርሳዋ አንድ ደብተር አወጣች። የልጄ የሒሳብ ደብተር ነው። ከፊቱ መደመርና መቀነስ፣ ከጀርባው የእናቷ ጽሑፍ። ዳኛዋ አይተው እኔም እንዳየው አደረጉ። ወፍጮ 45። ደብተር ስድስት። የሳል መድኃኒት 180። ዩኒፎርም፣ ግማሹ በዱቤ። ጫማ ማሰፊያ 20። ሁለት ገጽ ገለጥኩ፤ ጫማ ማሰፊያ 20። እንደገና ገለጥኩ፤ ጫማ ማሰፊያ 30።

48,000 የሚለውን ቁጥር ስንት ጊዜ ሰምቼው ነበር። ራሴን ያዞረኝ ነበር እንጂ አላስለቀሰኝም። እዚያ ግን አለቀስኩ። ያ ሁሉ ብር ለእናቷ ያለብኝ ዕዳ መስሎኝ ኖሬ፣ ለካ ጫማ ነው። አንድ ጫማ፣ ሦስት ጊዜ የተሰፋ።

ቀለቡ ለጊዜው 1,200 ሆነ። ውዝፉ ገና ነው፣ ሚያዝያ ቀጠሮ አለን። ሥራም አገኘሁ። አሳ የሚነግዱ አንድ ጋሼ ተያዥ ሳይጠይቁ ቢላ ሰጡኝ። ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ገፍፌ ፊሌቶ አወጣለሁ፣ የሚከፈለኝ በኪሎ ነው። አሁን ሁዳዴ ስለሆነ ገበያው ደርቷል። ከፋሲካ በኋላ እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ፣ ያኔ እንዴት እንደማደርግ ገና አላወቅኩም። ሌሊት አንዳንዴ እሱን እያሰብኩ እነቃለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እጄን በሎሚ አሽቼ ድልድዩን ተሻገርኩ። ልጄ በሩ ጋ ቆማ አየችኝ፣ ቶሎ አልመጣችም። ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ሆና ነው ያየችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስሄድ የፊት ጥርሷ አልነበረም፣ አሁን በቅሏል።

ብሩን ለእናቷ ሰጠሁ። ቆጠረችውና «ደብተሩን አምጪ» አለቻት። ልጄ አመጣች። እናቷ እስክሪብቶ ስትፈልግ ልጄ ራሷ ቁጭ ብላ፣ ምላሷን ከንፈሯ ጥግ ላይ አውጥታ፣ በትልልቁ ጻፈች፤ «ከአባቴ 1,200»።

ዝቅ ብዬ ጫማዋን አየሁት። የግራው ጎኑ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። ቁጥሯ ስንት እንደሆነ ጠየቅኳት። 33 ነው አለችኝ።