ደንበኛው እንዳይሰማው የተከለከለ ዋጋ

ስለ መተግበሪያ መደብሮች ክርክር በተነሳ ቁጥር ሁሉም ቀድሞ የሚጠቅሰው መደብሩ ከሽያጭ የሚወስደውን 30 በመቶ ኮሚሽን ነው። እኔ ግን ይበልጥ የጎዳው፣ አበልጻጊው (መተግበሪያውን የሠራው) ለገዛ ደንበኛው «ይኸው አገልግሎት በድረ ገጻችን በርካሽ ይገኛል» ብሎ እንዳይናገር ያገደው ደንብ ነው ባይ ነኝ።

አፕል እ.ኤ.አ. በ2008 የአይፎን መተግበሪያ መደብሩን አፕ ስቶርን ሲከፍት ኮሚሽኑ ብዙ ቅሬታ አላስነሳም። ሸክሙ የከበደው በ2011 ሲሆን፣ በመተግበሪያ ውስጥ የሚሸጥ ዲጂታል ይዘትና ወርኃዊ ደንበኝነት በመደብሩ የክፍያ ሥርዓት እንዲያልፍ ታዘዘ፤ ወደ ውጭ መግዣ የሚመራ ማስፈንጠሪያም (ሊንክ) ተከለከለ። በዚህ ሳቢያ የአማዞን የዲጂታል መጽሐፍ ማንበቢያ ኪንድል የመጽሐፍ መግዣ ቁልፉን ከአይፎን መተግበሪያው አነሣ፤ አንባቢውም መጽሐፍ የሚገዛበትን ቦታ በራሱ ፈልጎ ማግኘት ነበረበት። ዋጋቸውን ከፍ ያደረጉም አሉ፦ ዩቲዩብ ፕሪሚየም እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ በድረ ገጽ 13.99 ዶላር ሲሸጥ፣ በአይፎን መተግበሪያው ውስጥ ግን 18.99 ዶላር ነበር። ተጠቃሚው የአምስት ዶላሩን ልዩነት የሚያውቀው በአጋጣሚ ብቻ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ከ2021 ጀምሮ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በታች የሚያገኙ አበልጻጊዎች ኮሚሽናቸው ወደ 15 በመቶ ወርዶላቸዋል። እገዳው ግን ለእነርሱም እንዳለ ቀጠለ።

ጉዳዩን ፍርድ ቤት ያደረሰው የጨዋታ ሠሪው ኩባንያ ኤፒክ ጌምስ ነው። በኦገስት 2020 ፎርትናይት በተባለው ጨዋታው ውስጥ የራሱን የክፍያ መንገድ ሲያስገባ ጨዋታው በዚያው ቀን ከመደብሩ ተወገደ። ኤፒክ በአብዛኛው ክሱ ቢሸነፍም፣ የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ ኢቮን ጎንዛሌዝ ሮጀርስ በ2021 አፕል አበልጻጊዎችን ከመናገር እንዳያግድ አዘዙ። አፕል በ2024 ማስፈንጠሪያውን ሲፈቅድ በውጭ በሚፈጸም ግዢ ላይ 27 በመቶ ጠየቀ፤ የካርድ ክፍያ አስፈጻሚው የሚወስደው ሲጨመርበት አበልጻጊው ከቀድሞው 30 በመቶ የሚያተርፈው ልዩነት እምብዛም ነበር። ይህ ፈቃድ ይባል እንደሆነ እንጃ። ዳኛዋም በኤፕሪል 2025 አፕል ትእዛዙን ሆን ብሎ እንደጣሰ ወሰኑ። በዚያው ወር የአውሮፓ ኅብረት አስፈጻሚ አካል የሆነው የአውሮፓ ኮሚሽን በተመሳሳይ ጉዳይ 500 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው።

የመደብሩ ቁጥጥር ፋይዳ የለውም አልልም፤ ግምገማው አጭበርባሪ መተግበሪያዎችን ያጣራል፣ ሁሉንም አያጣራም እንጂ፤ ደንበኝነትንም ከአንድ ቦታ በቀላሉ መሰረዝ ይቻላል። እኔም ብሆን ደንበኝነትን ማቋረጥ ከሚያንገላታ አገልግሎት ስገዛ፣ ሁለቱን ዋጋ አነጻጽሬ ውዱን በመደብሩ በኩል የከፈልኩበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ልዩነቱን አውቄ ስለከፈልኩ ቅር አላለኝም።