ገባ ማለት እሱ አስገባው ማለት አይደለም፦ ስድስት ወር ከአንድ ትራንስፖርተር ጋር

ሥራው ካልታወቀ አንድ ትራንስፖርተር (ንጥረ ነገሮችን በሴል ሽፋን የሚያሳልፍ ፕሮቲን) ጋር ከተፋጠጥኩ ስድስት ወር ሞላኝ። ፕሮቲኑ ሰው ሴል ውስጥ አለ፣ ጂኑም ይታወቃል፣ ምን እንደሚያጓጉዝ ግን አይታወቅም። እንዲህ ያሉት ብዙ ናቸው። ኤስኤልሲ በሚባለው ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ብቻ የሰው ልጅ ከ400 በላይ ጂኖች አሉት፤ የበርካቶቹ ሥራ ዛሬም አልተለየም።

መጀመሪያ ያሰቃየኝ ዌስተርን ብሎት ነው፤ ፕሮቲኖችን ጄል ውስጥ በመጠን ለይቶ የሚፈለገውን እንደ ጭረት (ባንድ) የሚያሳይ ምርመራ። ሳምፕሉን እንደለመድኩት በ95 ዲግሪ አምስት ደቂቃ ቀቅዬ ጄል ላይ ስጭነው፣ ባንዱ መውጣት ባለበት ቦታ የለም፤ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ጥቁር ጭረት ሆኖ ተለጥፎ ቀርቷል። ሴሎቹ ፕሮቲኑን አልሠሩትም ብዬ ሦስት ሳምንት ጂኑን ደጋግሜ ሳስገባ ከረምኩ። ነገሩ ሌላ ነበር። የሴል ሽፋን ውስጥ የሚኖሩ ፕሮቲኖች ውሃ የሚሸሽ አካላቸው ብዙ ስለሆነ፣ ሲፈሉ እርስ በርስ ተጣብቀው ይጓጉላሉ፤ ጄሉ ውስጥም አይገቡም። በ37 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት ብቻ አሙቄ ስጭነው ባንዱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ይሄ ለጀማሪ በመጀመሪያው ቀን ሊነገረው የሚገባ ነገር ነው።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ። ምንድነው የሚያስገባው? ኤችኢኬ293 በሚባሉ ላብ ውስጥ በሚያድጉ የሰው ሴሎች ውስጥ ፕሮቲኑን አበዛሁ፣ ትሪቲየም (ጨረሩ የሚለካ ሃይድሮጅን) ያለበት ሴሪን የሚባል አሚኖ አሲድ ጨመርኩ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቄ በረዶ ላይ በቀዘቀዘ በፈር (ጨው ያለበት ፈሳሽ) ሦስቴ አጥቤ ሴሎቹ ውስጥ ያለውን ለካሁ። የኮንትሮሉ፣ ማለትም ፕሮቲኑን ያላበዛሁባቸው ሴሎች፣ እጥፍ ሆነ! ያን ቀን እንቅልፍም አልወሰደኝ።

በማግስቱ የላብ ጓደኛዬ ቁጥሩን አየችና «በአንድ ደቂቃስ?» አለችኝ። ደገምኩት። በ15 ሰከንድ፣ በ30፣ በአንድ ደቂቃ ምንም ልዩነት የለም። ልዩነቱ የሚመጣው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው። ሴሪን ከገባ በኋላ ዝም ብሎ አይቀመጥማ፤ ሴሉ ፕሮቲን ይሠራበታል፣ ወደ ግላይሲን ይቀይረዋል፣ ቅባት ውስጥም ይከተዋል። ስለዚህ አሥር ደቂቃ ቆይቼ የምቆጥረው ቤት ውስጥ የቀረውን ነው፤ በሩ ምን ያህል እንዳሳለፈ አይነግረኝም። ያበዛሁት ፕሮቲን የሴሉን ፍጆታ ብቻ ከፍ አድርጎት ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ሴሉ የራሱ በሮች አሉት። ኤኤስሲቲ2 የሚባለው ሴሪንን በሶዲየም ያስገባል። የበፈሩን ሶዲየም ይህ በር በማይጠቀምበት ኮሊን ስተካው የኮንትሮሉ ንባብ ወረደ፤ አሁን ትንሽ ልዩነት ቢኖር እንኳ ይታየኛል። የኔውም ሶዲየም ፈላጊ ከሆነ ግን እዚያው ይደበቅብኛል፣ ስለዚህ ሁለቱንም በፈሮች ጎን ለጎን ነው የማስኬደው።

ሰሞኑን ደጋግሜ የማስበው ስኳር ሲሰባበር የሚገኘውን የፓይሩቬትን ነገር ነው። ወደ ሚቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) በትራንስፖርተር እንደሚገባ፣ የሚያግደው ኬሚካልም ጭምር፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ታውቆ ነበር። ጂኖቹ የተገኙት ግን በ2012 ነው፤ ሁለት ቡድኖች በአንድ ጊዜ። ጂኖቹ የሚሰጧቸው ፕሮቲኖች፣ ኤምፒሲ1 እና ኤምፒሲ2፣ ትንንሽ ናቸው፣ የሚሠሩትም ተጣምረው ነው። አንደኛው ቡድን የአይጥን ሁለቱን ፕሮቲኖች አይብ በሚሠራበት ባክቴሪያ ውስጥ አንድ ላይ ሲያስገባ ነው የፓይሩቬት አገባብ የጨመረው። የኔውስ አጋር የሚፈልግ ቢሆን? ብቻውን ሳበዛው ምንም ላያሳየኝ ይችላል።

ስለዚህ አሁን መገመቱን ትቼ ጂኑን ክሪስፐር በሚባለው የጂን መቁረጫ አጥፍቻለሁ። ሴሉ ውስጥ የቱ ንጥረ ነገር እንደጎደለ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትር አያለሁ፤ ጂኑን ስመልስለት የጎደለው ካልተመለሰ አልቀበለውም። ክሎኖቹ፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ሴል የሚበዙት፣ ባለ 96 ጉድጓዱ ፕሌት ላይ ናቸው። ትናንት ማታ በማይክሮስኮፕ ሳያቸው አሥራ አንዱ ማደግ ጀምረዋል።